ለክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ከደሴ ወደ ውጭ ስትሄዱ፦ ዝግጅቱን ከመመለሻው ጀምሩ

ስለዚህ ቀዶ ሕክምና የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው ዋጋ ነው። ሕንድ ይሻላል ቱርክ? ስንት ዶላር ይበቃል? የትኛው ደላላ ይታመናል? እኔ ግን ሌላ ጥያቄ አስቀድማለሁ። ከተመለሳችሁ በኋላ ደሴ ላይ ማን ያያችኋል?

ቀዶ ሕክምናው ራሱ በሰዓታት ያልቃል። ሆስፒታል የምትተኙትም ጥቂት ቀን ነው። ቫይታሚኑ፣ የደም ምርመራው፣ የስኳርና የግፊት መድኃኒት ማስተካከሉ፣ ድንገት ሲያስመልሳችሁ የሚደረገው ነገር ግን እዚሁ ነው የሚሆነው። ሐኪሙ ኢስታንቡል፣ ሕመሙ ደሴ ፒያሳ ከሆነ ነገር ይበላሻል። ስለዚህ መመሪያውን ሰው በለመደው ቅደም ተከተል አልጻፍኩትም። ከመመለሻው እንጀምራለን፤ ሻንጣው ኋላ ይደርሳል።

1. እዚህ የሚያያችሁን ሐኪም ቀድማችሁ ያዙ

ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሂዱ፤ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የምታምኑት የግል ክሊኒክ ካለም እዚያ። የምትፈልጉት የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው። ነገሩን ሳትደብቁ ንገሩት። «ዶክተር፣ ውጭ ሄጄ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ላደርግ አስቤያለሁ፤ ስመለስ ይከታተሉኛል?» በሉት። አንዳንዱ ፊቱ ይጠቁራል። ሌላ ሰው የሠራውን ለምን እሸከማለሁ ይላል፤ አይፈረድበትም። እንቢ ካለ ሌላ ፈልጉ። እሺ የሚል ሳታገኙ ግን ቲኬት አትቁረጡ።

እሺ ካለ ቁርጡን ተነጋገሩ። በተመለሳችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ያያችኋል። ከዚያ በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር ደም ያሠራችኋል። ሌሊት አንድ ነገር ቢፈጠር የት እንደምትሄዱም አሁኑኑ ይንገራችሁ። ቫይታሚን ቢ12፣ ቫይታሚን ዲና ፌሪቲን የሚባለው የብረት ክምችት ምርመራ እዚህ ይሠራ እንደሆነ፣ ወይስ ናሙናው አዲስ አበባ ይላክ እንደሆነም ጠይቁ።

ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ሰው ይህችን ክፍል ደግሞ ያንብባት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የምትበሉት በጣም ያንሳል፤ ከጨጓራና ከአንጀት የሚመነጨው ሆርሞንም ይለወጣል። ስለዚህ ስኳር በቀናት ውስጥ ሊወርድ ይችላል። ድሮ የምትወስዱትን ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ በዚያው መጠን ከቀጠላችሁ ስኳራችሁ ከልክ በላይ ወርዶ ራሳችሁን ልትስቱ ትችላላችሁ። የግፊት ኪኒንም እንዲሁ ነው፤ በተለይ የሚያሸናው ዓይነት ከውሃ ጥማት ጋር ሲደመር አደጋ አለው። ይህን በየሳምንቱ አይቶ የሚያስተካክል ሰው በስልክ ከዴልሂ አይገኝም።

እግረ መንገዳችሁን ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ የሚሠራበት ቦታ እንዳለም ጠይቁት። አገር ውስጥ ልምድ ያለው እጅ ከተገኘ የዚህ ጽሑፍ ግማሽ ይቀርላችኋል።

2. ለመሆኑ ትመጥናላችሁ?

ኪሎአችሁን በሜትር በተለካው ቁመታችሁ አካፍሉ። የወጣውን እንደገና በቁመታችሁ አካፍሉ። ይህ ቁጥር ቢኤምአይ ይባላል። ቁመቷ 1.65 ሜትር፣ ክብደቷ 110 ኪሎ የሆነ ሴት ቢኤምአይዋ 40 ገደማ ነው።

ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው በ1991 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣው መስፈርት ነበር። 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳር ያለ ተጓዳኝ ሕመም ያለበት ይሠራለት ይላል። በ2022 እ.ኤ.አ. ሁለት ትልልቅ የሙያው ማኅበራት መስፈርቱን ዝቅ አደረጉት። አሁን 35 ብቻውን ይበቃል። ከ30 እስከ 35 ያለ ሰውም ስኳር የመሰለ ሕመም ካለበት ሊታሰብለት ይችላል። ከዚያ በታች ሆናችሁ «ችግር የለም፣ ኑ» የሚል ሆስፒታል ካጋጠማችሁ የሚያየው ኪሳችሁን ነው።

ቁጥሩ ብቻ አይበቃም። ከባድ የመጠጥ ሱስ፣ ያልታከመ ድብርት ወይም በቅርቡ ለማርገዝ ማሰብ ካለ ቀዶ ሕክምናው ይቆያል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቢያንስ ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና አይመከርም። እዚህ ላይ ለእኅቶቼ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ኪሎ ሲቀንስ የተዛባ የወር አበባ ይስተካከላል፤ ለዓመታት እንቢ ያለ ፅንስም ሳይታሰብ ይመጣል። ባይፓስ የሚባለው ዓይነት ቀዶ ሕክምና (ክፍል 3 ላይ አለ) የተሠራላት ሴት ደግሞ የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ በደንብ ላይሠራላት ይችላል። በክንድ የሚቀበረውን ወይም ሉፕን አስቀድማችሁ ተማከሩ።

3. ስሊቭ ወይስ ባይፓስ?

ዛሬ በብዛት የሚሠሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ሁለቱም በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ ይሠራሉ። ስሊቭ የጨጓራን ሦስት አራተኛ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ቆርጦ ያወጣል። የተቆረጠው አይመለስም። ባይፓስ ደግሞ ጨጓራውን ከላይ በኩል ትንሽ ከረጢት አድርጎ ይለየዋል፤ ከቡና ሲኒ ግማሹን የማይሞላ። ከዚያ አንጀቱን አምጥቶ ያገናኘዋል፤ ምግቡም የአንጀቱን የመጀመሪያ ክፍል ዘሎ ያልፋል።

ምርጫው የእናንተና የቀዶ ሐኪሙ ነው። ሁለት ነገር ግን እወቁ። ከባድ ቃር ያለበት ሰው ስሊቭ ሊያብስበት ይችላል። ባይፓስ ደግሞ ለስኳርና ለቃር ጥሩ ቢሆንም ቫይታሚን የመሳብ አቅምን ይበልጥ ይቀንሳል፤ ክትትሉም ጠንከር ያለ መሆን አለበት። ቫይታሚን እንደልብ በማይገኝበት ከተማ የምትኖሩ ከሆነ ይህን ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩት። እሱ ደሴን አያውቃትም።

ሁለቱም ተአምር አይደሉም። ብዙ ሰው በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ከጠቅላላ ክብደቱ ሩብ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይቀንሳል። 120 ኪሎ የነበረ ሰው 90 ገደማ ይደርሳል ማለት ነው። 60 እገባለሁ ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ ቅሬታው ከአሁኑ ተጀምሯል።

4. ምርመራውን እዚሁ ጨርሱ

ውጭ አገር የሚገኝ «አስገራሚ ነገር» ሁሉ በዶላር ነው። የደም ማነስ፣ የጉበት ቫይረስ ወይም የልብ ችግር እዚያ ከተገኘ ቀጠሮው ይገፋል፤ የሆቴሉ ክፍያ ግን አይገፋም። ስለዚህ ከሐኪማችሁ ጋር ሆናችሁ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ የሦስት ወር የስኳር አማካይ፣ የጉበትና የኩላሊት፣ የታይሮይድ፣ የሄፓታይተስና የኤችአይቪ፣ የቢ12ና የቫይታሚን ዲ ምርመራ አሠሩ። ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ ተነሡ። የሆድ አልትራሳውንድ ላይ የሐሞት ጠጠር ካለ ይታያል፤ ክብደት ቶሎ ሲወርድ ጠጠር ስለሚበዛ ይህ ጠቃሚ ነው።

የጨጓራ ባክቴሪያውን፣ ኤች ፓይሎሪን፣ አትርሱ። እኛ አገር ብዙ ሰው አለበት። በሰገራ የሚሠራው የአንቲጅን ምርመራ ትክክለኛ ውጤት የሚሰጠው የጨጓራ አሲድ መቀነሻው ኦሜፕራዞል ከተቋረጠ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። በየቀኑ ኦሜፕራዞል እየዋጡ ተመርምረው «ነጻ ነኝ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ከተገኘ ሕክምናውን ጨርሳችሁ፣ መጥፋቱን አረጋግጣችሁ ሂዱ።

ሌላው ማንኮራፋት ነው። ባለቤታችሁን ጠይቁ። ሌሊት ታንኮራፋላችሁ? ትንፋሻችሁ ቆም ብሎ በድንጋጤ ይመለሳል? ቀን ቀን ያንቀላፋችኋል? እንዲህ ከሆነ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ ሊኖር ይችላል፤ ለሰመመን ሐኪሙ ትልቅ ዜና ነው። እኛ ጋ ማንኮራፋት ስለሚያስቅ ሰው አይናገረውም። ተናገሩ።

5. ሆስፒታሉንና አገናኙን መርምሩ

ደላላ ክፉ ነው አልልም። ጥሩ አገናኝ ቪዛውን፣ አስተርጓሚውን፣ ማደሪያውን ያቀላል። ግን የሚከፈለው ስትሄዱ እንጂ ስትድኑ አይደለም። እሱን አመስግኑት፤ ሆስፒታሉን ግን ራሳችሁ በኢሜይል ጠይቁ። ሕንድ ውስጥ ኤንኤቢኤች የሚባለው የአገሪቱ የጥራት ዕውቅና አለ። ጄሲአይ የሚባለው ደግሞ ዓለም አቀፍ ነው። ቱርክ የውጭ ታካሚ ለሚቀበሉ ተቋማትና አገናኞች ከጤና ሚኒስቴሩ የሚሰጥ የጤና ቱሪዝም ፈቃድ አላት። ዕውቅናው አለን ካሏችሁ በሰጪው ድረ ገጽ ላይ ስማቸውን ፈልጉ።

ከዚያ እነዚህን በጽሑፍ ጠይቁ፤ በቃል የተመለሰ መልስ አልተመለሰም፦

- የሚሠራኝ ሐኪም ማን ነው? ስሙ ይጻፍልኝ። በዓመት ይህን ዓይነት ስንት ይሠራል?
- ጽኑ ሕሙማን ክፍል በዚያው ሕንፃ ውስጥ አለ?
- የተሰፋው ቢያፈስ ወይም ቢደማ፣ ድጋሚ ቀዶ ሕክምናውና ተጨማሪው አልጋ በማን ሒሳብ ነው?
- ከተመለስኩ በኋላ ሐኪሜ ሐኪማችሁን በምን ያገኘዋል?

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ የሚንተባተቡትን ተዉአቸው። ልምድ ባላቸው ማዕከላት በዚህ ቀዶ ሕክምና የሚሞተው ከሺህ ሰው ከአንድ እስከ ሦስት ቢሆን ነው። ማፍሰስና መድማት ግን ከዚያ በላይ ያጋጥማል፤ ሰውን ውጭ አገር በዕዳ የሚያስቀረውም እሱ ነው። ዋትሳፕ ላይ ፎቶ ብቻ አይቶ በግማሽ ሰዓት «ተቀብለናችኋል» የሚል ቦታም ደስ አይለኝም። የምርመራ ውጤት ያልጠየቀ ሐኪም ምን አይቶ ነው የተቀበለው?

6. ወረቀት

ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር ይቅረው። ለማደስ አዲስ አበባ መውረድ አያስፈልግም፤ ኢሚግሬሽን ደሴ ቅርንጫፍ አለው። ሕንድ ለታካሚ የሕክምና ቪዛ፣ አብሮ ለሚሄድ ደግሞ የአስታማሚ ቪዛ አላት፤ ለሁለቱም የሆስፒታሉ ደብዳቤ ያስፈልጋል። በቱሪስት ቪዛ ግቡና ታከሙ የሚላችሁን አትስሙ። ችግር ቢፈጠርና ቆይታችሁ ቢራዘም ማስረዘሚያው ጣጣ ነው።

ሕንድ ከኢትዮጵያ የሚሄድ መንገደኛን የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ትጠይቃለች። ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተባችሁ ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ያለሱ የደረሰ ሰው እስከ ስድስት ቀን ተለይቶ ሊቆይ ይችላል። የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ያለው ሰው ስድስት ቀን ማቆያ ውስጥ ሲተኛ አስቡት። አንዴ ከተከተባችሁ ግን ካርዱ ለዕድሜ ልክ ነው።

አሁን የስም ነገር። ወሎ ውስጥ ከአባት ወይም ከአያት አንዱ መሐመድ ያልሆነ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ፓስፖርቱ ላይ በአንድ ኤም ይጻፋል፤ ላብራቶሪው ሁለት ኤም ያደርገዋል፤ ባንኩ ደግሞ ኦውን በዩ ይለውጠዋል። እኛ አንድ ሰው መሆኑን እናውቃለን፤ ኮምፒውተሩ አያውቅም። ከምርመራው በፊት ፓስፖርቱን ለካርድ ክፍሉ አሳዩና ፊደል በፊደል ያስገቡት። የልደት ዘመንም እንዲሁ። ካርዳችሁ ላይ በእኛ አቆጣጠር 1972 ተብሎ ከተጻፈ፣ እዚያ ያለችው ነርስ በሰባት ስምንት ዓመት ታስረጃችኋለች። ሰነዱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን።

7. ገንዘብ

ከ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን ባለፈው ወር የሰማችሁት ሒሳብ ዛሬ ላይሠራ ይችላል። ባንካችሁን ለውጭ ሕክምና ምንዛሪ ምን ሰነድ እንደሚጠይቅ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ የሆስፒታሉ ደብዳቤ ከነዋጋ ዝርዝሩ፣ ምናልባትም የሕክምና ቦርድ ውሳኔ ይፈልጋል። ቦርዱ ጊዜ ይወስዳልና መጨረሻ ላይ አታስቡት።

ከጥቅል ዋጋው ሌላ መጠባበቂያ ያዙ። ምን ያህል? ለእኔ መለኪያው አንድ ድጋሚ ቀዶ ሕክምናና የአንድ ሳምንት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው፤ ዋጋውን ከሆስፒታሉ ጠይቁ። ይህን ያህል መያዝ ካልቻላችሁ፣ ወይም አገር ቤት በአንድ ስልክ የሚልክላችሁ ዘመድ ከሌለ፣ ጉዞውን አቆዩት። በእቁብ የመጨረሻ ብር መሄድ አይመከርም። የዓመት የቫይታሚን ወጪም የዚሁ በጀት አካል ነው።

8. ሰውነትን ማዘጋጀት

ሲጋራ ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ይቁም። ቁስሉን ያዘገያል፤ ሳንባን ያውካል። ሺሻም ሲጋራ ነው።

ጫት ላይ እንነጋገር። ደሴና ኮምቦልቻ የሚቅም ሰው ለፈረንጅ ሐኪም «ሱስ የለብኝም» ይላል፤ ጫትን ሱስ ስለማይቆጥረው። ሐኪሙም ጫትን ላያውቀው ይችላል። ጫት ግን የልብ ምትንና ግፊትን ይጨምራል፤ ለሰመመን ይህ ዋና ነገር ነው። አቁሙ፤ ምን ያህል ትቅሙ እንደነበርም ለሰመመን ሐኪሙ አስረዱ። እንደ ኦዜምፒክ ያለ የክብደት መቀነሻ መርፌ የምትወጉም ንገሩት። ምግብ ጨጓራ ውስጥ እንዲቆይ ስለሚያደርግ ጾሙን በሙሉ ጾማችሁም ጨጓራችሁ ባዶ ላይሆን ይችላል። ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ኪኒን ደም ያረጋል፤ አንድ ወር ያህል ቀድሞ ማቆሙን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩበት። የባህል መድኃኒትም ካለ አትደብቁ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት የጉበት ናቸው። ውፍረት ያለበት ሰው ጉበቱ በስብ ያብጣል፤ ጨጓራው ደግሞ ከጉበቱ ሥር ነው። ሐኪሙ ጨጓራውን ለማግኘት ጉበቱን ማንሳት አለበት። ትልቅና ወፍራም ከሆነ ሥራው ይከብዳል፤ አንዳንዴም ይቋረጣል። ጥብቅ፣ ዱቄትና ስኳር የሌለው ምግብ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጉበቱን ያሳንሰዋል። መጠኑን ሆስፒታሉ ይነግራችኋል፤ ብዙ ጊዜ በቀን ከ800 እስከ 1000 ካሎሪ ነው። በእኛ ማድ ሲተረጎም እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታና በሶ ይወጣሉ። እንቁላል፣ አይብ፣ እርጎ፣ ጎመን ያለ ቂቤ፣ የዶሮ መረቅና የሐይቅ ዓሣ ይገባሉ። ከሐይቅ ከተማ ትኩስ ዓሣ ለሚደርሰው የደሴ ሰው ይህ ክፍል ቀላል ነው። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ይህን ምግብ ከመጀመራችሁ በፊት መጠኑን አስተካክሉ።

ቡናውን ጠጡ፤ ያለ ስኳር። ችግሩ ቡናው ሳይሆን ቁርሱ ነው። ከአቦል እስከ በረካ የሚቆረጠው ዳቦ ሁለቱን ሳምንት ያፈርሰዋል።

እርምጃም ጀምሩ። ደሴ ዳገት ናት፤ ለከባድ ሰው ጉልበት አትራራም። ጠፍጣፋ መንገድ መርጣችሁ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ። ቀዶ ሕክምናው በተሠራላችሁ ማታ ተነሥታችሁ እንድትራመዱ ይጠየቃል፤ እግር ላይ ደም እንዳይረጋ።

9. አስታማሚ

የሚወዳችሁን ሳይሆን የሚያዳምጣችሁን ሰው ምረጡ። እኔ አክስቴን ይዤ ስሄድ ዋናው ሥራዬ አልጋ ሥር መተኛት አልነበረም፤ መጻፍ ነበር። ሐኪሙ የሚናገረው በፍጥነት ነው፤ ታካሚው በሕመም ላይ ነው። እንግሊዝኛ የሚችል፣ ደብተር የሚይዝ፣ ሲያለቅሱበት ምግብ የማያቀብል ሰው ይሻላል። እናት ለዚህ አትሆንም፤ ይቅርታ ይደረግልኝ።

10. እዚያ ስትደርሱ

ሰዓቱን ተጠንቀቁ። ነርሷ «ከ12 በኋላ ምንም አትቅመሱ» ካለች የእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። የንጋት 12 ሰዓት መስሏችሁ ብትበሉ ቀዶ ሕክምናው ይሰረዛል፤ በሰመመን ውስጥ ያለ ሰው ጨጓራው ውስጥ ያለው ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ቀጠሮ በተሰጣችሁ ቁጥር የእኛውንም ሰዓት አጠገቡ ጻፉ።

የስምምነት ቅጹን ሳትረዱ አትፈርሙ። በተለይ የቀዶ ሕክምናው ዓይነት ስም በቤታችሁ ከተነጋገራችሁት ጋር አንድ መሆኑን እዩ።

ስትወጡ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ወረቀት ነው። የቀዶ ሕክምናውን ሙሉ ሪፖርትና የመውጫ ማጠቃለያውን በእንግሊዝኛ፣ በማኅተም፣ በሁለት ቅጂ ተቀበሉ። «በኢሜይል እንልካለን» ካሏችሁ በትሕትና ወንበር ላይ ተቀመጡና ጠብቁ።

11. የመመለሻ መንገድ

ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ቢያንስ አሥር ቀን አውሮፕላን እንዳትሳፈሩ ይመከራል። ስለዚህ በአምስተኛው ቀን የሚመልስ ርካሽ ጥቅል ርካሽ አይደለም። ማፍሰስም ብዙ ጊዜ ራሱን የሚያሳየው በእነዚሁ የመጀመሪያ ቀናት ነው፤ ያኔ ከሐኪሙ ቅርብ መሆን ይሻላል።

ለጉዞው ደም እንዳይረጋ እግር የሚያጠብቀውን ካልሲ ልበሱ፤ የደም ማቅጠኛ መርፌ ታዞ ከሆነ ቀኑን አታዛንፉ። መተላለፊያው ዳር ተቀመጡ፤ በየሰዓቱ ተነሡ፤ ውሃ ተጎንጩ። ቦሌ ስትደርሱ በአውቶቡስ እንዳትመጡ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣርማ በርን ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትንና ከሚሴን አልፎ ቀኑን ሙሉ ታጥፎ መቀመጥ ነው። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ለዚህ ነው። ከዚያ የሐረጎን ዳገት መውጣት ብቻ ይቀራል፤ ሾፌሩ ቀስ እንዲል ንገሩት።

12. ቤት

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የምግብ ቅደም ተከተል ሆስፒታሉ ይሰጣችኋል። በጥቅሉ ከቀጭን ፈሳሽ ወደ ወፍራም ፈሳሽ፣ ከዚያ ወደ ተፈጨ፣ ከዚያ ወደ ለስላሳ፣ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ወደ መደበኛ ምግብ ይኬዳል። የተፈጨው ደረጃ ላይ ቀጠን ያለ፣ ዘይትና በርበሬ ያልበዛበት ሽሮ፣ የምስር ክክና አይብ ያገለግላሉ። ግቡ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ብቻ ስላለው ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ፕሮቲኑን ሁልጊዜ አስቀድማችሁ ብሉ። ውሃን ከምግብ ጋር አትጠጡ፤ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። አምቦ ውሃን ጨምሮ ጋዝ ያለው ሁሉ ይቅር። እንጀራና ትኩስ ዳቦ ውስጥ ገብተው ስለሚያብጡ መጨረሻ ላይ ይመለሳሉ። ጥሬ ሥጋ ለረጅም ጊዜ አይታሰብ።

ከምግቡ የሚከብደው ሰዉ ነው። ወሎ ላይ እንግዳ ሆኖ አለመብላት ስድብ ነው። «በሞቴ! አፈር ስሆን! አንድ ጉርሻ ብቻ!» የሚል ጎረቤት ይመጣል፤ ከፍቅር ነው። ያ አንድ ጉርሻ ግን አዲሱን ጨጓራችሁን ሊያስመልስ፣ ስፌቱን ሊያስጨንቅ ይችላል። ሙሉ ታሪኩን ለሁሉ መንገር የለባችሁም። «ጨጓራዬን ታክሜያለሁ፤ ሐኪም ከልክሎኛል» በቂ ነው፤ ውሸትም አይደለም። በሦስተኛው ወር ደግሞ «ምነው ከሳሽ፣ አመመሽ እንዴ?» ይጀመራል። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ፀጉር ሊረግፍ ስለሚችል ወሬው ይብሳል። አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ አብሽሩ።

ጾምም አለ። ረመዳን ውሃም ስለሌለበት በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ሐኪሞች አይመክሩትም። የዓቢይ ጾም 55 ቀን ከእንስሳ ተዋጽኦ ውጪ ፕሮቲን መሙላትን ይጠይቃል፤ ጨጓራው ትንሽ በሆነ ሰው ይህ ከባድ ነው። ሸኽዎንም የንስሐ አባትዎንም ከጉዞው በፊት ያነጋግሩ። ለሕመምተኛ ሁለቱም ጋ ቦታ አለ።

ራስ ምታት ሲመጣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አትዋጡ፤ በተለይ ባይፓስ ከሆነ ጨጓራውን ያቆስላሉ። ፋርማሲ ስትገቡ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ፓራሲታሞል ይሰጣችኋል።

ቶሎ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች እነዚህ ናቸው። አርፋችሁ ተቀምጣችሁ ልባችሁ በደቂቃ ከ120 በላይ መምታት፣ ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ወይም የግራ ትከሻ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር እብጠት፣ ውሃ እንኳ አለመቀበል። ከሁሉ የሚታለፈው የማያቋርጥ ትውከት ነው። ለቀናት ሲቀጥል ቲያሚን የሚባለው ቫይታሚን ያልቃል፤ ነርቭንና አእምሮን ሊጎዳ ይችላል። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ የቀዶ ሕክምናውን ሪፖርት ለተረኛው ሐኪም ስጡ፤ ቲያሚን ከግሉኮሱ በፊት እንዲሰጥም አስታውሱት። ሪፖርቱ ሳጥን ውስጥ አይቀመጥ፤ ፎቶው በእናንተም በአስታማሚውም ስልክ ላይ ይኑር።

ቫይታሚኑ የዕድሜ ልክ ነው። መልቲቫይታሚን፣ ቢ12፣ ብረት፣ ቫይታሚን ዲና ካልሲየም ይካተታሉ፤ ካልሲየሙ ሲትሬት የሚባለው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ብረትና ካልሲየም አብረው አይዋጡም፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አራርቋቸው። ስትመለሱ የስድስት ወሩን ይዛችሁ ኑ። ቢ12 በመርፌም ይሰጣል፤ እዚህ በቀላሉ ከተገኘ እሱ ይቀላል። የቀረው ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው አዲስ አበባ ለሚወርድ ሰው ማዘዣውን ከነፎቶው ስጡት፤ ስሙን በቃል ብቻ የተነገረው ሰው ሌላ ነገር ገዝቶ ይመጣል።